አንቺ ያልኳት ቀን

ድሬዳዋ ውስጥ ግማሽ ዓመት ያህል አንዲትን ሴት ሳላናግራት በየቀኑ አናግሬያታለሁ። እንዴት መሰላችሁ? አዴ ዘሃራ (አዴ እዚያ እናት እንደማለት ነው) አሠሪዬ ነበረች። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፣ እኔ ጣቃ እሸከምላታለሁ። "ይኼ ጣቃ የት ይቀመጥ?" እላለሁ። "ውሃ ይምጣ?" እላለሁ። "በሩ ይዘጋ?" እላለሁ። "የት ላስቀምጥልሽ" ወይም "የት ላስቀምጥልዎ" የሚባልበት ቦታ ላይ ስደርስ ምላሴ መንገድ ይቀይራል። "አንቺ" እንዳልላት አሳዳጊ አለኝ። "እርስዎ" እንዳልላት ደግሞ ነፍሴን እወዳለሁ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ድሬ አንቱታ የለም። ሕፃኑ ሽማግሌውን፣ ተማሪው አስተማሪውን፣ ሙሽራዋ አማቷን አንተና አንቺ ትላለች፤ የሚቀየም የለም። እኔ የመጣሁት ከጎጃም ነው። እኛ አገር ሽማግሌ ሲገባ "ኖር" ብሎ የማይነሳ ልጅ፣ እናቱ ምን አስተምራ አሳደገችው ይባልበታል። አባቴን አንተ የሚል ቃል ከአፌ ቢያመልጠኝ ኖሮ ዱላው ሳይሆን እፍረቱ ይገድለኝ ነበር።

ነፍሴን እወዳለሁ ያልኩትም ለቀልድ አይደለም። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ተይዤ ሁርሶ ማሠልጠኛ ገባሁ። ሥልጠናው አልቆ ወደ ሰሜን ልንጫን ስንል በውሃ ቦቴ ተደብቄ ወጣሁና ድሬ ገባሁ። የተያዘ ኮብላይ ምን እንደሚጠብቀው ያኔ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር። የገባሁ ዕለት አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ባለቤቱን "ሻይ ይስጡኝ" አልኳቸው። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

"ዋሪያ! ከየት ነው የመጣኸው አንተ?" አለኝ ባለቤቱ እየሳቀ። "እኔ አንድ ሰው ነኝ እኮ!"

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ዳንኤል ሆነ፤ የተወለድኩት ሳቢያን ሰፈር፣ አባቴም የባቡር ሠራተኛ ሆኑ። አፌንም ዘጋሁ። ዝም ያለ ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነ አይታወቅም ብዬ ነው። ዝምታዬ ግን ሌላ መዘዝ ይዞብኝ መጣ፤ እሷም የአዴ ዘሃራ ልጅ ሀያት ናት።

ሀያት ከጣቃዎቹ ጀርባ አንድ መደርደሪያ ነበራት። የፍቅር ልቦለዶች ታከራያለች፤ ለገበያ ሴቶች፣ ለጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ልጃገረዶች፣ ለነርሶች። ጊዜው እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአደባባይ የሚነበብበት ስላልነበረ ሁሉንም በፖለቲካ መጽሐፍ ቀይ ልባስ ሸፍናቸዋለች። የቀበሌው የውይይት ክበብ ላይ እሷም ይዛ ትገባለች። አንድ ቀን ፍቅረኞቹ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ደርሳ እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ካድሬው አያት። "የጭቁኑ ሕዝብ ብሶት እንዲህ የሚያስለቅሳት ወጣት አለችን!" ብሎ በስብሰባ ፊት አስጨበጨበላት። እሷ ይህን ስትነግረን አዴ ዘሃራ ሳቋ አልቆም ብሏት ሜትሩን ከእጇ ጣለችው።

ያ የማልረሳው ቀን የጀመረው ጠዋት፣ ፀሐዩ ገና ሳይከር ነው። ሀያት ጣቃ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። ድንገት ቀና አለችና፣

"ዳኒ፣ ያቺ ልጅ ማን ናት?" አለችኝ።

"የቷ?"

"የከዳችህ።"

"ማንም አልከዳኝም።"

"እሱም እንዲህ ነው ያለው" አለችና መጽሐፉን አነሳችልኝ። "የመርከብ ካፒቴን ነው። ቤቱ ውስጥ ማንም የማይገባበት የተቆለፈ ክፍል አለው። ምን አለህ ስትለው ምንም ይላታል። አየህ፣ ዝም የሚል ወንድ ወይ ልቡ ተሰብሯል ወይ ሰው ገድሏል።"

"ሌላ የለም?"

"እስካሁን ካነበብኩት ውስጥ የለም።"

ሳላስበው ሳቅሁ። "እሷስ ምን ታደርጋለች?"

"አትተወውም። ያባርራታል፣ አትሄድም። ይቆጣታል፣ አትሄድም። መጨረሻ ላይ ቁልፉን ራሱ አምጥቶ ይሰጣታል።"

"ባይሰጣትስ?"

"አቦ! እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማን ይከራየኛል?"

እውነቱን ለመናገር ይህን ጨዋታ እወደው ነበር። እንደ ልቦለድ ሰው መታየት ለተደበቀ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው፤ የምትፈልገው አንዲት ያልነበረች ሴት ስለሆነ እኔን አታገኘኝም። እንዲህ ብዬ ስዝናና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"እናቴን ግን ለምን አንቺ አትላትም?" አለችኝ።

ያልሰማሁ መስዬ ጣቃ መደርደሬን ቀጠልኩ።

"ስሰማህ ከረምኩ። ይቀመጥ፣ ይዘጋ፣ ይምጣ። እኔን አንቺ ትለኛለህ። እሷን ስታናግር ሁሉ ነገር በራሱ ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለ የድሬ ልጅ አላውቅም።"

ገበያው ወዲያኛው ጫፍ ላለ ልብስ ሰፊ የሚደርስ ሰማያዊ ጣቃ ነበረ፤ አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁና ወጣሁ። ዛሬውኑ ከዚህ ከተማ መጥፋት አለብኝ እያልኩ ነበር የምራመደው። የት እንደምጠፋ ግን አላውቅም።

የቅመም ተራውን ሳልጨርስ ፊሽካ ተነፋ። ወታደሮችና አብዮት ጥበቃዎች የገበያውን መውጫዎች ዘግተዋል። "መታወቂያ! ወንድ የሆነ ሁሉ መታወቂያ!" ሽንኩርት ሲንከባለል፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ሲጠሩ፣ ጋሪ ሲገለበጥ ይሰማኛል። ለመሮጥ አልሞከርኩም፣ ጣቃ ተሸክሞ አይሮጥም፤ ጥሎ መሮጥ ደግሞ "ያዙኝ" ማለት ነው። ከነጣቃዬ፣ ከሌሎች መታወቂያ ከሌላቸው ጋር ቀበሌው ግቢ አስገቡን።

ግቢው ጥላ አልነበረውም። ግድግዳውን ተደግፈን መሬት ላይ ተቀመጥን። ሕጉ ቀላል ነበር፦ ዘመድ መጥቶ የኔ ነው ያለለት ይወጣል፣ ያጣ በር ላይ የቆመው የጭነት መኪና ላይ ይወጣል። የሚመረምረን አንድ ቀጭን ሃምሳ አለቃ ነው። አይጮህም፣ አይሳደብም። እንዲያውም ለስላሳ ነው፤ እኔን ያስፈራኝም ልስላሴው ነው። አጠገቡ ፂሙን ሂና የተቀባ የቀበሌው ሊቀመንበር በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

ሃምሳ አለቃው እያንዳንዱን ያስነሳና "የት እንደምትኖር ለሊቀመንበሩ ንገር" ይላል። በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለውም። አንዱ ተነሳና ሊቀመንበሩን "አንተ ደግሞ አታውቀኝም? ከመስጊዱ ጀርባ ነኝ እኮ!" ብሎ ጮኸበት። ወንድሙ መሰከረለትና ተለቀቀ። ቀጥሎ አንድ መልከ መልካም፣ ሸሚዙን በሥርዓት የቆለፈ ወጣት ተነሳ። ሳቢያን ነው የተወለድኩት አለ። ሰፈሩን፣ መንገዱን፣ ጎረቤቱን በደንብ ያውቃል። አክስቴ ናት የሚላት ሴት አጠገቡ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች። መጨረሻ ላይ ለሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ "እርስዎም ቢያጣሩ ይደርሱበታል" አላቸው።

ሃምሳ አለቃው እጁን የወጣቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። "አንተ ልጅ ጥሩ አሳዳጊ አለህ" አለው፣ ወንድም ለወንድሙ እንደሚናገር አድርጎ። "በል ወደ መኪናው ሂድ።"

አክስቴ ያላት ሴት መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው ሰፈር አልነበረም የሚመረምረው፤ አስተዳደጋችንን ነበር። አፌ ውስጥ "አንተ፣ አንተ" ብዬ መለማመድ ጀመርኩ። ቀላል ቃል ነው፤ ከጓደኛ ጋር በቀን መቶ ጊዜ የምለው ነው። ወደዚያ ሽማግሌ ፂም ቀና ስል ግን እርስዎ የሚለው ይቀድመኛል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የሀያትን ድምፅ ሰማሁ። ጥበቃውን ገፍትራ ገባች፣ ድሪያ ቀሚሷ ላብ በላብ ሆኗል። ከኋላዋ አዴ ዘሃራ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃው እኔን አስነስቶኝ ነበር።

"የኛ ሠራተኛ ነው" አለች ሀያት።

"ሠራተኛማ ማንም ይቀጥራል" አለ ሃምሳ አለቃው። "ለኮብላይ ደመወዝ ርካሽ ነው። ዘመድ ነው የምፈልገው።"

ሀያት ዞር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ፍርሃት ነበረው፣ ግን ደግሞ መጽሐፍ ስታነብ መጨረሻው እንዳጓጓት ሲያስታውቅባት የማየው ዓይን ነበር። ጠዋት የጠየቀችኝ ጥያቄ መልስ እዚያው ግቢ ውስጥ እንደተገለጠላት አወቅሁ። ከከዳችኝ ሴት ሌላ፣ ከገደልኩት ሰው ሌላ፣ ሦስተኛ ነገር መኖሩን አየች። ኮብላይ መደበቅ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለች። ሊቀመንበሩ፣ የገበያው ሴቶች፣ ግማሽ ቀፊራ በር ላይ ቆሞ እያያት ነው።

"እጮኛዬ ነው" አለች።

ሃምሳ አለቃው አንገቴ ላይ ባለው ማተቤ ላይ ዓይኑን አሳረፈ፤ ከዚያ የእናቷን ሻሽ አየ።

"እናትሽ ታውቃለች?"

"አሁን ሰማች" አለች ሀያት።

በር ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። አዴ ዘሃራ አልሳቀችም። ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ መኪናውን አየች። ሃምሳ አለቃው እጆቹን አጣምሮ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ።

"ጥሩ ነው። አማትህ እሺ ካለች ማን ነኝ እኔ?" አለኝ። "በል ልጇን እንደምትፈልግ ራስህ ንገራት። እንደ ድሬ ልጅ ንገራት።"

አንባቢዬ ሆይ፣ እኛ አገር አማትን አይን ለአይን ማየት እንኳ ነውር ነው። አንቺ ማለትማ አይታሰብም። አዴ ዘሃራ ፊት ቆሜ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ደግሜ ከፈትኩ። ሰማያዊው ጣቃ እግሬ ሥር ተጋድሟል። እርስዎ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ይገፋኛል፣ ጥርሴን ነክሼ እመልሰዋለሁ። ሃምሳ አለቃው አይቸኩልም። አለቀልኝ አልኩ።

ያለቀለት ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ተንበረከክሁ። ሰው መኖሩን ረሳሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲጨንቀኝ የምጠራትን እመቤቴን ነበር የጠራሁት፤ በልቤ የጠራኋት መስሎኝ ነበር።

"እናቴ፣ አንቺ ታውቂያለሽ" አልኩ። "ካንቺ በቀር ማንም የለኝም። እዚህ ቦታ ላይ አትተይኝ።"

ድምፄን አውጥቼ መናገሬን ያወቅሁት መልስ ሲመጣ ነው።

"አውቃለሁ" አለኝ የሴት ድምፅ።

እጅ ራሴ ላይ አረፈ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአንድ አፍታ ማን እንደነካኝ አላወቅሁም። መላ ሰውነቴን የወረረኝን ነገር እስከዛሬ ስም አላገኘሁለትም። ዓይኔን ስገልጥ አዴ ዘሃራ ናት፤ ሜትሯ ፊቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ከመጣህበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ተነስ ልጄ።" ከዚያ ወደ ሃምሳ አለቃው ዞረች። "አንተ፣ ሰማኸው አይደል? ልጄ ነው። ትወስደው እንደሆነ እኔንም እዚያ መኪናህ ላይ ጫነኝ!"

"አቦ ተዋት፣ ዘሃራን እኔ አውቃታለሁ" አለ ሊቀመንበሩ። "ዋሽታ አታውቅም፣ በሜትር እንኳ።"

ሃምሳ አለቃው ለረጅም ጊዜ አየኝ። አነጋገሩ እንደኔው የደጋ ነው። እንዲህ ያለውን ጸሎት ከእናቱ አፍ አልሰማውም ብዬ አላምንም። ምን እንዳሰበ ግን አላውቅም። አጎንብሶ ጣቃውን አነሳና አፈሩን እያራገፈ አሳቀፈኝ።

"የሰው ዕቃ አትጣል" አለኝ። "ሂድ።"

ወጣን። መንገዱ ዳር የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ስንደርስ አዴ ዘሃራ ቆመች።

"እኔን አልነበረም ያናገርከው" አለችኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። "አይደለም።"

"ማርያምን ነው።"

"አዎ።"

"እኛም መርየም እንላታለን" አለችና ሻሿን አስተካከለች። "እሷን አንቺ ነው የምትሏት?"

"አንቺ ነው።"

"ታዲያ እኔ ከሷ በልጬ ነው አንቺ የማልባለው?"

እግዜርን አንተ እንለዋለን። እመቤታችንን አንቺ እንላታለን። የወለደችኝን እናቴንም በሕይወት ሳለች አንቺ ነበር የምላት። ከሁሉ የቀረበውንና ከሁሉ የከበረውን በአንድ ቃል እንደምንጠራ ጎጃም ተወልጄ፣ ጸሎት እየደገምኩ አድጌ፣ ድሬ መንገድ ላይ አንዲት ጨርቅ ሻጭ እስክትነግረኝ ልብ አላልኩትም።

"እውነተኛ ስምህ ማነው?" አለችኝ ሀያት።

"አንተነህ።"

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ የቆመ ጋሪ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ያ ረቢ! ስሙ ራሱ አንተ እያለ!" እናቷም ተከተለቻት። እኔም ሳቅሁ፣ ስስቅ ማልቀሴን አላስተዋልኩም።

ሳቁ ሲበርድ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። "ሀያት፣ እዚያ ውስጥ ያልሽው ነገር . . ."

"ወላሂ አላፈቀርኩህም" አለችኝ ቶሎ ብላ። "እንዳትሳሳት። ግን የጀመርኩትን መጽሐፍ ሳልጨርስ አላስቀምጥም።"

አዴ ዘሃራ በዚያው ሳምንት ከከተማ ወጣ ወዳለው የወንድሟ የብርቱካን አትክልት ቦታ ላከችኝ። ደርግ እስኪወድቅ እዚያ ነበርኩ። ሀያት ስንቅ እያመላለሰች፣ ቀይ ልባስ የለበሱትን መጻሕፍት ሁሉ አስነበበችኝ። ካፒቴኑንም፣ ባላባቱንም፣ ሐኪሙንም አወቅኋቸው፤ ሁሉም ደረቆች ናቸው። አንድ ቀን የምታነብልኝን መሃል ላይ ዘጋችና "ይኼስ መጨረሻው ገብቶኛል፣ ያንተ ነው ያልገባኝ" አለችኝ። ጋብቻችን ቀላል አልነበረም። የሷ ወገን ለአንድ ዓመት፣ የኔ ወገን ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ አኩርፎናል። እሷ ሃይማኖቷን እንደያዘች፣ እኔም ማተቤን እንዳሰርኩ ኖረናል፤ ልጆቻችን ሁለት በዓል ስላላቸው አያጉረመርሙም።

እናንተ የፍቅር ልቦለድ የሥራ ፈት ንባብ ነው የምትሉ፣ አልከራከራችሁም። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። እኔ ግን በነዚያ መጻሕፍት ነው የተረፍኩት። የተዘጋ ሰው ፊት ቆማ አልሄድም የምትልን ሴት ደጋግማ ያነበበች ልጅ፣ ቀኑ ሲደርስ ሌላ የምታደርገው ነገር አልነበራትም። ያን ሸሚዙን የቆለፈ ወጣትም አስባለሁ። ጥሩ አስተዳደጉ መኪና ላይ አወጣው። ስሙን አላውቅም፣ መመለሱንም አላውቅም። ጸሎት በማደርስ ጊዜ ሁሉ "አንተ ታውቀዋለህ" እላለሁ።

አባቴ የሞትኩ መስሏቸው ተዝካሬን አውጥተው ነበር። መንገዱ ሲከፈት ድሬ ድረስ መጡ፤ አርጅተዋል፣ ነጭ ጥምጥማቸው በባቡሩ አቧራ ቀይ ሆኗል። አገር ሙሉ አንቱ የሚላቸው ሰው ናቸው። አዴ ዘሃራ ጣቢያው ድረስ አብራኝ መጥታ ነበር። ከኔ ቀድማ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

"አንተ፣ እንኳን ደህና መጣህ" አለቻቸው። "ልጅህን ጠብቄልሃለሁ።"

ደንግጬ የድሬን ልማድ ላስረዳቸው ጠጋ አልኩ። አባቴ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ።

"እናቴ ካረፈች ወዲህ አንተ ያለኝ ሰው የለም" አሉ። ቀና ብለው አዩዋት። "አንቺ ነሽ እናቱ?"

"እኔ ነኝ" አለች።